ልጆቻችን ጸሎት ያዩት ጎረቤት ቤት ነው

 ጽሑፉ ረዘም ይላል። መሃል ላይ የምታኮርፉ አትጠፉም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ እንጣላለን።

ሰሞኑን ከጥቂት ካቶሊክ ወላጆች ጋር ቡና እየጠጣን «ልጆቻችን ለምንድነው ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት?» የሚል ወሬ ተነሣ። ሁሉም መልስ ነበረው። አንዱ ካቴኪስቱ ሰነፍ ነው አለ። ሌላዋ መዝሙሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ለወጣት አይሆንም አለች። «አባ ቤት ለቤት አይጎበኙም» ያለም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተወቀሰ፣ ስልኩ ተረገመ፣ ልጆቹን «ወሰዱብን» የተባሉ ሌሎች ቤተ እምነቶችም ድርሻቸውን አገኙ። «ለመሆኑ ቤታችሁ ይጸለያል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ጸጥ ተባለ። አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዷ ቡናው ቀዘቀዘ ብላ ተነሣች።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ሮቤ ወይም ጎባ የሚያድግ ልጅ አስቡ። ጸሎት ምን እንደሆነ ሳያይ አያድግም። ገና ሳይነጋ፣ ያ የባሌ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ አዛኑ ሲሰማ የጎረቤቱ አባወራ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይወጣል፤ በዚያ በረዶ በሚመስል ውሃ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን ይታጠባል። ልጁ በአጥሩ ቀዳዳ ያየዋል። በዚያኛው በኩል ያሉት ኦርቶዶክስ እማማ ውዳሴ ማርያማቸውን ሳይጨርሱ ሰው አያናግሩም፤ የፈለገ ጉዳይ ቢኖርህ በእጃቸው «ቆይ» ነው የሚሉህ። ረቡዕና ዓርብ እሳቸው ቤት ምን እንደማይበላ ልጁ ያውቃል። በረመዳን የአህመድ አባት ቀን ውሃ እንኳ እንደማይቀምሱ ያውቃል። ወቅቱ ሲደርስ ባላ በትራቸውን ይዘው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙትን ያያል። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት እራት ላይ ከነልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጸልይ ድምፁ በመስኮት ይመጣል።

ከዚያ ይኸው ልጅ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ወደ ካቶሊኩ ቤት። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ልበ ኢየሱስ ሥዕል አለ። ምስማር ላይ የተሰቀለ መቁጠሪያ አለ፣ አቧራ ጠጥቷል። አባቱ ባጃጅ ካለው መስታወቱ ላይ ሌላ መቁጠሪያ ይወዛወዛል። መቁጠሪያው ሲቆጠር ግን አይቶ አያውቅም። አባቱ ሲንበረከክ አይቶ አያውቅም። ታዲያ ጸሎት የሌላ ሰው ቤት ነገር ነው ብሎ ቢያስብ ምኑ ይገርማል?

ይህ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው «ጠፋብን» እንላለን። ከየት ነው የጠፋው? መጀመሪያስ መቼ ነበረበት?

«ሃይማኖት ማስተማር የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው» ለምትሉኝ፣ እስቲ ቁጥር እናውራ፤ ልማዴን ታውቃላችሁ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ቅዳሴው ከነስብከቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን። የልጆች ትምህርተ ክርስቶስ አንድ ሰዓት ይሁን። ቀሪው 165 ሰዓት ተኩል የማን ነው? ያውም ይሄ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ላለ ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካቶሊኮች 0.7 በመቶ ነበርን፤ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አንሞላም። የሮቤ ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር ከመቂ ተከፍሎ ራሱን የቻለው ገና በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ካፑቺኑ አባ አንጄሎ አንቶሊኒ ነበሩ። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ዴሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሄደ ሰው ይፍረድ። አራት ሺህ ሜትር ላይ፣ በዚያ ጭጋግ፣ አንድ ካህን ስንት ቤት ሊደርስ ይችላል? እናንተ ደግሞ ማታ ማታ መጥተው ልጃችሁን «በስመ አብ» እንዲያስብሉላችሁ ትጠብቃላችሁ።

ለነገሩ ሥራው የማን ነው የሚለው ክርክር ድሮ ተዘግቷል። ልጃችሁን ልታስጠምቁ የሄዳችሁ ቀን፣ ገና ከውሃው በፊት፣ ካህኑ ጠይቀዋችኋል። ይህን ልጅ በእምነት የማሳደግ ግዴታ እንደምትገቡ ታውቃላችሁ? ብለው። «አዎ» ብላችኋል፤ ነጭ ለብሳችሁ፣ በምስክር ፊት። የክርስትና አባትና እናትም ተጠይቀው «አዎ» ብለዋል። (የክርስትና ልጃቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውሱ ስንት ናቸው? እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።) እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቁጥር 774 ልጆችን በቃልና በኑሮ ምሳሌ በእምነት የማነጽ ግዴታ ከሁሉ በፊት የወላጆች መሆኑን ይደነግጋል። ቁጥር 868 ደግሞ ሕፃኑ በካቶሊክ እምነት ያድጋል የሚል የተጨበጠ ተስፋ ፈጽሞ ከሌለ ጥምቀቱ ይዘግይ ይላል። አስቡት እስቲ፤ ካህናቶቻችን ይህቺን ቁጥር አጥብቀው ቢይዟት ስንቱ ቤት ጠላው ተጠምቆ ልጁ ሳይጠመቅ ይቀር ነበር!

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ይለዋል፤ ወላጆችን ደግሞ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች። የመጀመሪያዎቹ ነው የሚለው። ረዳት ካቴኪስት አላላችሁም።

«ካህን በሌለበት እንዴት ይሆናል?» የሚል ካለ ጃፓን ድረስ ልውሰደው። ሩቅ ነው፣ ግን ይጠቅመናል። እዚያ አገር ክርስትና እ.ኤ.አ. በ1614 በአዋጅ ተከለከለ። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ፣ የቀሩት ተገደሉ። የመጨረሻው ካህን እ.ኤ.አ. በ1644 ከሞተ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚያ አገር ቀዳሽም ናዛዥም አልነበረም። ናጋሳኪ አካባቢ ሕዝቡ በየዓመቱ እየተጠራ የክርስቶስን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይደረግ ነበር፤ ክርስቲያን አለመሆኑን እንዲያሳይ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1865 ፔቲዣን የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን፣ ለውጭ አገር ሰዎች ተብሎ ናጋሳኪ ላይ በተሠራ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳሉ፣ ከኡራካሚ መንደር የመጡ ገበሬዎች በሩ ላይ ቆሙ። ካህኑ አስገቧቸው። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ የእኛም ልብ እንደ እርስዎ ልብ ነው አለቻቸውና የማርያም ሐውልት የት እንዳለ ጠየቀቻቸው።

ሁለት መቶ ዓመት! ማን አቆያቸው? ቤተሰብ ነዋ። በየመንደሩ አንዱ የበዓላቱን ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው ሕፃናት ያጠምቃል፣ ጸሎቱን ደግሞ ወላጅ ለልጅ በቃል ያስጠናል። የጸሎቶቹ ብዙ ቃላት የላቲንና የፖርቱጋል ስለነበሩ ከጊዜ በኋላ ትርጉማቸው ጠፍቶባቸዋል። ቃሉ እየተሸራረፈም ቢሆን አልጣሉትም። ወደ አገራችንም ብንመጣ፣ አባ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1861 ከከፋ ሲባረሩ ያጠመቋቸው ሰዎች አብረው አልተባረሩም፤ እምነታቸውን ይዘው እዚያው ቤታቸው ነው የቀሩት።

እኛ ግን ከልካይ የለብንም። ምስል እርገጡ ያለን የለም። ይልቅ አቧራውን እንኳ አላራገፍንለትም።

አሁን ወደ ሰበቡ እንምጣ። ጊዜ የለኝም የሚለውን አውቀዋለሁ። የቦና አዝመራ ሲደርስ ኮምባይነር ወረፋ ይዛችሁ መስክ እንደምታድሩ አይቻለሁ፤ እንኳን ጸሎት እራትም ይረሳል። ግን እሱ በዓመት ስንት ቀን ነው? የቱርኩ ድራማ በየቀኑ ነው። የእንግሊዝ ኳስ በየሳምንቱ ነው። አርሰናል ሲሸነፍ ግማሽ ሌሊት የሚያዝን ሰው ለአንድ «አባታችን ሆይ» ደቂቃ አጣሁ ሲለኝ ልስቅ ነው የምችለው።

«ሲያድግ ራሱ ይምረጥ» የሚባለው ደግሞ አለ፤ ይሄ የተማሩት ሰዎች ሰበብ ነው። ትምህርት ቤቱን አንተ መረጥክለት። ክትባቱን ስታስወጋው አላማከርከውም። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን አላስመረጥከውም። እምነቱ ላይ ስትደርስ ነው ዲሞክራት የሆንከው? ደግሞስ ሰው ከምን መካከል ነው የሚመርጠው? ያላየውን ነገር እንዴት አድርጎ ይምረጥ? እጁ ላይ የሰጠኸው ስልክ ሲያድግ ይምረጥ ብሎ እየጠበቀው ይመስልሃል?

«ባለቤቴ ካቶሊክ አይደለችም» የምትሉም ብዙ ናችሁ፤ በባሌ ይሄ ብርቅ አይደለም። ኦርቶዶክስ ናት? «አቡነ ዘበሰማያት» እሷም ታውቀዋለች፤ ምናልባት ካንተ አጥርታ። ፕሮቴስታንት ናት? «አባታችን ሆይ» የእሷም ጸሎት ነው። በሚያለያየው ነገር ላይ መከራከር የምትፈልጉ ሌላ ጊዜ ተከራከሩ፤ ማታ ማታ በሚያገናኘው ጸልዩ። ልጆቹ ፊት አንዱ የሌላውን ሃይማኖት የሚያንኳስስበት ቤት ካለ፣ እዚያ ቤት ልጁ ሁለቱንም ይጥላል። ይሄንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

እኔ እንደማምነው ግን ዋናው ምክንያት ከእነዚህ አንዱም አይደለም። አፍረን ነው። በተለይ አባቶች። ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩት፣ ድምፁን አሰምቶ ሲጸልይ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል። ምክንያቱም ጸሎት ያጋልጣል። ጠዋት ሚስትህን ሰድበህ፣ ማታ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ስትደርስ ልጅህ ቀና ብሎ ያይሃል። ካቴኪስቱ ይህንን አያውቅም፤ ልጅህ ያውቃል።

አንድ የድሮ ተማሪዬ የነገረኝን ላካፍላችሁ፤ ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም። ከባለቤቱ ጋር ተኳርፈው በሰነበቱ ጊዜ እራት ላይ ጸሎት ሲጀምር የስድስት ዓመት ልጁ አቋረጠችው። «አባዬ፣ እማዬን ይቅር ብለሃታል?» አለችው። ተናዶ ተነሣ። ሦስት ቀን ቤቱ አልተጸለየም። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ አማተበችና ጀመረች፤ መሃል ላይ ጠፍቶባት ቆመች። እናትየው ቀጠለችላት። እሱም ገባ። ከዚያ ማታ በኋላ እንደታረቁ ነገረኝ። የትኛው ስብከት፣ የትኛው ሽማግሌ ይህን ያደርግ ነበር? እኛ የምንሸሸው ይሄንን ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ክህነት ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ይናገራሉ። እናታቸው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሞቱ እሳቸው ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ልጁ ሌሊት አንዳንዴ ሲነቃ አባቱን ተንበርክከው ያገኛቸዋል። ስለ ክህነት ጥሪ አላወሩም፤ ያ ማየት ብቻ የመጀመሪያው ዘርዐ ክህነት ሆነላቸው። ወታደር ነው እንግዲህ የተንበረከከው፤ ወንድነት የሚነካ ለሚመስላችሁ።

በተቃራኒው በኩል ያሉትንም አልምርም። ጸሎት ሲባል ልጁን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የሚያንበረክክ፣ ያንቀላፋውን በኩርኩም የሚቀሰቅስ አባት አለ። በጸሎት ስም ልጆቹን የሚሰድብ አለ፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ደንቆሮ ልጅ አስተውልልኝ» እያለ፤ ይሄ እኮ ለእግዚአብሔር የቀረበ ሳይሆን ለልጁ የተላከ ስድብ ነው። ከእንደዚህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ መቁጠሪያ ባየ ቁጥር ጉልበቱን ያመዋል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሕፃን ያለበት ቤት ሦስትም ይበቃል። ሙሉ መቁጠሪያ ካልቻላችሁ አንዱን ምሥጢር፣ አሥሯን «ሰላም ላንቺ» ብቻ በሉና ተነሡ።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ቋንቋው ነው። ሮቤ ውስጥ ካቶሊክ ቤት ስትገባ ብዙ ጊዜ ሦስት ቋንቋ ይጠብቅሃል። አያትየው ከምባትኛ ወይም ሐዲይኛ፣ አንዳንዱ ቤት ወላይትኛ። አባትና እናት አማርኛ። ልጆቹ ትምህርት ቤትና ሰፈር ውስጥ አፋን ኦሮሞ። ከዚያ ወላጆች «በየትኛው እናስተምራቸው?» ብለው ይጨነቁና በአንዱም ሳያስተምሯቸው ይቀራሉ። ልጅህን በምትቆጣበት ቋንቋ ጸልይ። ሲታመም «እኔ ልታመምልህ» በምትለው ቋንቋ ጸልይ። ልጁ «አባ ኬኛ» ማለት ከቀናው ተወው፣ እንደሱ ይበል፤ አንተም ተከተለው። አያትየው በከምባትኛ ይጨርሱ። ቅዳሴ በየሕዝቡ ቋንቋ እንዲሆን ጉባኤ ተቀምጦ ከፈቀደ ስንት ዘመን ሆነው፤ እኛ ለእራት ጸሎት ፈቃድ እንጠብቃለን።

ቴሌግራሙስ? ጠዋት ስልኬን ስከፍት ሃያ ጸሎት ይጠብቀኛል። «ይህን ለ10 ሰው ላክ፣ እስከ ማታ ተአምር ታያለህ፤ ካልላክህ...» የሚል ማስፈራሪያም አለበት። ይህን የምትልኩልኝ ሰዎች አውቃችኋለሁ፤ ቤታችሁን አውቀዋለሁ። ለአሥር ሰው ከምትልኩ አጠገባችሁ ላለው ለአንዱ ልጃችሁ አንብቡለት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለዚህ ነው። ልጃችሁ አማትቦ ሲጸልይ በቪዲዮ ቀርጻችሁ የምትለጥፉም ተዉ። ልጁ ካሜራ ሲያይ የሚጸልይ፣ ካሜራ ሲጠፋ የሚያቆም ይሆናል፤ ይሄንንም አይቻለሁ።

ምን እናድርግ ለምትሉ፣ የማውቃቸውን ቤቶች ልንገራችሁ። ጎባ ውስጥ አንዲት እናት ልጆቿ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ በር ላይ ቆማ ግንባራቸው ላይ በአውራ ጣቷ ታማትባለች። ይሄው ነው፤ ሦስት ሰከንድ። ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው፤ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ልጁ ራሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ግንባሩን ሰጣት፤ ጓደኞቹ እያዩት። ሌላ ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው የሚጸለየው። ሮቤ ላይ መብራት የማይጠፋበት ማታ ስለሌለ ይበቃቸዋል (ይሄንን አባትየው ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ)። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ስልኩ ቻርጅ የለውም፣ ሻማው በርቷል፤ ሌላ ምን ይሠራል? ሦስተኛው ቤት እንጀራው ቀርቦ ማንም እጁን ሳይሰድ ትንሿ ልጅ ትባርካለች፤ በዚያው የታመመ ጎረቤት ካለ ስሙ ይጠራል። የአህመድ አባት ሆስፒታል የተኙ ጊዜ እዚያ ቤት ለሁለት ሳምንት በስማቸው ሲጸለይላቸው ነበር። አህመድ ራሱ እራት ላይ ተቀምጦ ሰምቷል።

ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። በሰው ቤት፣ በሰው ሥራ፣ ጮክ ብሎ መጸለይ በማይቻልበት ቦታ ያላችሁ አላችሁ። ዓርብ ወይም እሑድ ወደ ቤት ስትደውሉ ብሩን ከጠየቃችሁ በኋላ ከመዝጋታችሁ በፊት ከእማማ ጋር አንድ «ሰላም ላንቺ» በሉ። ታናናሾቻችሁ ስልኩ ላውድ ላይ ሆኖ ይስሙ።

እና እባካችሁ፣ አስተያየቱ ላይ «አሜን» ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። እናንተ ቤት ማን እንደሚጀምር፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጻፉልኝ። ባሌ ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚሞላን ማወቅ እፈልጋለሁ።